በኢዮጴ ባሕር ዳር በሁለት መንኰራኵር

አገር የማየት መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ በእግሩ ይሄዳል፤ ሌላው በበቅሎ ይቀመጣል፤ ሌላውም በመርከብ፥ በባቡርና በአውሮፕላን ይጓዛል። እኔ ግን በ2011 ዓ.ም. የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም አክብሬ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት፥ ሳልራመድና ሳልቀመጥ፥ በሁለት መንኰራኵር ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ጐበኘሁ። ይህችም ከተማ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ ተብላ የተጠራችው፥ ዛሬ ያፎ ወይም ጃፋ የምትባለው ናት። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሣቁ፤ ባለቤቴም «በአርባ ስድስት ዓመትህ!» ብላ ተደነቀች። ስለዚህ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ፥ ምን እንዳየሁና ምን እንደ ተማርሁ ለውድ አንባቢያን እተርካለሁ።

የሁሉም ምክንያት ጉልበቴ ነው። በሰሙነ ሕማማት ስግደትና በትንሣኤ ሌሊት መቆም ጉልበቴ ዝሎ ነበር። ቶማስ በሚባለው ማክሰኞ ከዴር ሡልጣን ተነሥተን ወደ ባሕሩ ስንወርድ፥ አውሮፕላናችን የሚነሣው በሌሊት ስለ ነበር ቀኑ ሙሉ በእጃችን ቀረ። ጓደኞቼ የተሳላሚ ወገኖች በዛፍ ጥላ ሥር ዐረፉ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ፥ በጾመ ነነዌ የዮናስ መጽሐፍ ሲነበብ፥ በሐዋርያት ሥራም የጴጥሮስ ታሪክ ሲተረጐም፥ ይህችን ኢዮጴን በልቤ ስሥላት ኖሬአለሁና ሳላያት መመለሱ ከበደኝ። መቆም አላቃተኝም፤ ያቃተኝ መራመድ ነው። ይህንን ለአንድ የአገሩ ነዋሪ ባጫውተው፥ «እንግዲያውስ ሳያራምድ የሚወስድ አለ» ብሎ ሴግዌይ ወደሚከራይበት ቦታ መራኝ።

መሪው

ቦታው ከድሮው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። ይህ ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ከኢዮጴ እስከ ኢየሩሳሌም 87 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ መነሻ ነበር። ከዚያ በፊት ተሳላሚው ሁሉ ከመርከብ ወርዶ ወደ ቅድስት ከተማ የሚወጣው በእግር፥ በእንስሳ ወይም በሠረገላ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1948 ተዘጋ፤ በ2010 ታድሶ የጎብኚዎች መዝናኛ ሆነ። ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» እያልሁ እሄዳለሁ።

ከእኔ ሌላ አራት ጎብኚዎች ከአውሮፓ መጥተው ይጠብቁ ነበር። መሪያችን ረዘም ያለ፥ ፊቱ የአገሬ ሰው ፊት የሆነ ጐልማሳ ነው። አየት አድርጎኝ በአማርኛ «ጋሼ፥ አንተ ከዚህ በፊት ወጥተህበት ታውቃለህ?» አለኝ። ወዲያውም ከንፈሩን ነክሶ፥ «ይቅርታ፥ እርስዎ ማለቴ ነው፤ በዕብራይስጥ አንቱታ የለም፤ እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር» አለ። እኔም «ግድ የለም፥ ወንድሜ፤ ብቻ ከዚህ ነገር ላይ አትጣለኝ» አልሁት። አማርኛው የቤት አማርኛ ነው፤ ከእናቱ ጕልቻ አጠገብ የለመደው እንጂ ከመጽሐፍ የተማረው አይደለም። ስለዚህ ለአውሮፓውያኑ በእንግሊዝኛ ከተናገረ በኋላ፥ ለእኔ በአጭሩ በአማርኛ ይደግመው ነበር።

ሄልሜት የሚባለውን የራስ ቁር አጠለቀልኝና ወደ መሣሪያው አቀረበኝ። መሣሪያው ሁለት ጎማ በግራና በቀኝ፥ በመካከላቸው የእግር መቆሚያ፥ ከፊቱም እስከ ወገብ የሚደርስ መሪ ያለው ነው። ፍሬኑን ብፈልግ የለም፤ ነዳጅ መስጫውንም ብፈልግ የለም። ቶማስ ካላየሁ አላምንም ማለቱን በዚያ ቀን ስለ ተረዳሁት አልፈረድሁበትም። መሪያችን ግን፥ «ፍሬኑ እርስዎ ነዎት። ወደ ፊት ትንሽ ቢያዘነብሉ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ቢያዘነብሉ ይዘገያል፤ ቀጥ ቢሉ ይቆማል። እግርዎን አይዩ፤ ባሕሩን ይዩ» አለኝ።

እኔ ግን እግሬን አየሁ። እግሬን ሳይ አጐነበስሁ፤ ሳጐነብስ መሣሪያው ወደ ፊት ሄደ፤ ሲሄድ ደንግጬ ዘልዬ ወረድሁ፤ እርሱም ብቻውን ሄዶ ከአበባ ማሰሮ ጋር ተጋጨ። ማሰሮው አልተሰበረም፤ የእኔ ክብር ግን ትንሽ ተሰነጠቀ። ለሁለተኛ ጊዜ ስወጣ ዓይኔን በባሕሩ ላይ ተከልሁ። ያን ጊዜ ጉልበቴ መንቀጥቀጡን ተወ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላም በግቢው ውስጥ እንደ ልቤ እዞር ነበር።

የመሣሪያው ነገር

ይህ መሣሪያ ሰው ተሸክሞ በሁለት ጎማ ብቻ እንዴት ሳይወድቅ ይቆማል? ልጆች በጨዋታ ጊዜ ረጅም ዘንግ በመዳፋቸው ላይ አቁመው፥ እንዳይወድቅ ወዲያና ወዲህ ሲሉ አይተናል። ዘንጉ ወዴት እንዳዘነበለ ዓይን ያያል፤ እጅም ወደዚያው ይከተለዋል። በሴግዌይም ላይ ዘንጉ የሰው አካል ነው፤ እጁ መንኰራኵሩ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ጃይሮስኮፕ የሚባለው፥ ማዘንበልን የሚለካ መሣሪያ ነው። ይህም በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል እየለካ ለሞተሮቹ ያስታውቃል። ሰው ወደ ፊት ሲያዘነብል፥ መንኰራኵሩ እንዳይወድቅ ብሎ ከሥሩ ይሮጥለታል። መሄድ የምንለው ይኸው ነው። ኃይሉን ከባትሪ ያገኛል፤ እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሊሮጥ ይችላል፤ መሪያችን ግን ከሰው ሶምሶማ በላይ እንድንፈጥን አልፈቀደም።

ይህን ያወጣው ዲን ኬመን የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2001 በቴሌቪዥን ለሕዝብ ሲያሳየው፥ መኪና ፈረስን እንደ ተካ ይህም በከተማ ውስጥ መኪናን ይተካል የሚል ታላቅ ተስፋ ነበረ። ተስፋው ግን አልተፈጸመም። ዋጋው 5 ሺሕ ዶላር ያህል በመሆኑ ለብዙ ሰው አልተቻለም። ለእግረኛ መንገድ ፈጣን፥ ለመኪና መንገድ ዘገምተኛ ስለ ሆነም ሕግ አውጭዎች የሚያደርጉትን አጡ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይሄድ ገና ከመነሻው ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የኩባንያው ባለቤት የነበሩት እንግሊዛዊ ጂሚ ሄስልደን በዚሁ መሣሪያ ሲጓዙ ከገደል ወድቀው ሞቱ። በመጨረሻም በሐምሌ ወር 2020 ፋብሪካው መሥራቱን አቆመ፤ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ የተሸጠው 140 ሺሕ ያህል ብቻ ነበር። ሥራ ያገኘውም በተለይ በፖሊሶችና እንደ እኔ ባሉ ጎብኚዎች ዘንድ ነው።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው የዕውቀቱ ምንጭ ነው። ኬመን ከሴግዌይ አስቀድሞ፥ እግራቸው ለማይሠራ ሰዎች ደረጃ የሚወጣና ተቀማጩን ከቆመ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን የሚያስተያይ ወንበር ሠርቶ ነበር። በሁለት ጎማ ላይ ሳይወድቁ መቆም የተገኘው ከዚያ ወንበር ነው። እኛ ለመዝናናት የምንቆምበት መሣሪያ ሥሩ ለሽባ ሰው የታሰበ ነበረ ማለት ነው።

ከሣሩ በታች

ከጣቢያው ወጥተን ወደ ባሕሩ ስንደርስ ነፋሱ ፊታችንን መታን። በስተ ቀኛችን የሜዲትራንያን ባሕር፥ በስተ ሰሜን የቴል አቪቭ ፎቆች፥ በስተ ደቡብ ደግሞ በኮረብታ ላይ የተቈለለችው ኢዮጴ ትታያለች። ቴል አቪቭ ትናንት የተሠራች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1909 ስድሳ ስድስት የአይሁድ ቤተ ሰቦች በአሸዋ ክምር ላይ ተሰብስበው መሬቱን በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዕጣ ተካፈሉ፤ በአንዱ ቅርፊት ላይ ስም፥ በሌላው ላይ የቦታ ቍጥር ተጽፎ ነበር። ስምዋ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 3 ከተጠቀሰው ከቴል አቢብ የተወሰደ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት የተሠሩት አራት ሺሕ ያህል ቀላልና ነጫጭ ቤቶችዋም እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ።

መንገዱ ለስላሳ፥ ሣሩ አረንጓዴ፥ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሰፊ መናፈሻ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ከሁሉ ቀድሜ ስሄድ መሪያችን «እዚህ ላይ ቀጥ በሉ» አለ። ሁላችንም ቀጥ አልን፤ መንኰራኵሮቹም ቆሙ። ከዚያም እንድንወርድ አደረገና፥ «የቆማችሁበት ሣር በቤት ፍርስራሽ ላይ የበቀለ ነው» አለን።

ይህ ስፍራ መንሺያ የሚባል የኢዮጴ ሰፈር ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1948 በተደረገው ጦርነት ሰፈሩ ተደበደበ፤ ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት ቤቶቹ ፈረሱ፤ ፍርስራሹም ወደ ባሕሩ ተገፍቶ አፈር ለበሰ፤ በ1974 መናፈሻው ተከፈተ። ከጦርነቱ በፊት በኢዮጴ 70 ሺሕ ያህል ዐረቦች ይኖሩ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የቀሩት 4 ሺሕ ያህል ናቸው። ከሰፈሩ ቆመው ከቀሩት አንዱ ሐሰን ቤክ የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1916 የተሠራው መስጊድ ነው። ከዚያው አጠገብ ደግሞ ከአንድ የፈረሰ ቤት የድንጋይ ግድግዳ ላይ የመስታወት ቤት ተሠርቶ፥ ሰፈሩን የያዙት የአይሁድ ተዋጊዎች ቤተ መዘክር ሆኗል። ሁለቱ ሕንፃዎች አንዱ ሌላውን ያያሉ። የአንዱ ወገን የድል ቀን ለሌላው ወገን የስደት ቀን ነው።

እኔ የማንንም ፍርድ ለመስጠት አልሄድሁም። ነገር ግን ያን ሣር ከአንድ ደቂቃ በፊት ምን ያህል በደስታ ልሮጥበት አስቤ እንደ ነበር ሳስታውስ አፈርሁ። ከላይ የሚንሸራተት ሰው ከታች ያለውን አያውቅም። ከዚያ በኋላ መሪያችን «ቀጥ በሉ» ባለ ቍጥር ሳልዘገይ እወርድ ጀመር።

የሰዓቱ ማማና ኮረብታው

በባሕሩ ዳር ወደ ደቡብ ስንሄድ በኢዮጴ መግቢያ ከሰዓቱ ማማ ደረስን። ይህን ማማ የኢዮጴ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1903 ያቆሙት፥ የቱርክ ሱልጣን አብዱል ሐሚድ የነገሡበትን 25ኛ ዓመት ለማሰብ ነው። ሱልጣኑም መንግሥታቸውም አልፈዋል፤ ሰዓቱ ግን አለ። ከዚያ አልፎ የሚገኘው ታላቁ የመሕሙዲያ መስጊድ ሲሆን፥ ከዚያ በላይ መንገዱ ወደ ኮረብታው ይወጣል።

ዳገቱን መሣሪያው ሳይተነፍስ ወጣው። በቅሎ ብትሆን ሁለት ጊዜ በቆመች ነበር። ከላይም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የፍራንቸስካውያን መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1654 አቁመውት፥ የዛሬው ሕንፃ ግን ከ1888 እስከ 1894 የታነጸ ነው። ልማዱ ወደ ምሥራቅ መዞር ሲሆን ይህ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ባሕሩ ይመለከታል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚህች ከተማ በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሰገነት ላይ ሲጸልይ፥ በአራት ማዕዘን የተያዘ ታላቅ ሸማ ከነእንስሳቱ ከሰማይ ሲወርድ ያየው በዚህ ነው። ወንጌል ወደ አሕዛብ የወጣበት ደጅ እንግዲህ ይህ ኮረብታ ነው። የስምዖን ቤት ነው የሚባለውም በመርከብ መብራት ማማ አጠገብ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ይታያል።

በዚሁ ኮረብታ ላይ ግን ክፉ ነገርም ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1799 ናፖሌዎን ቦናፓርት ከተማዋን ይዞ እጃቸውን የሰጡትን በሺሕ የሚቈጠሩ ምርኮኞች አስገደለ። ወዲያውም ቸነፈር በገዛ ወታደሮቹ ላይ ወረደ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ወደቡ የሚያወርዱት መንገዶች ጠባብና ደረጃ ናቸው፤ ስማቸውም በዐሥራ ሁለቱ ከዋክብት በሓመል፥ በሠውርና በመሳሰሉት ተሰይሟል። ሴግዌይ ደረጃ አይወርድም። ስለዚህ መሣሪያዎቹን በላይ አቁመን በእግራችን ወረድን። ጉልበቴም ከዕረፍቱ የተነሣ ይሁን ከደስታው አላስቸገረኝም።

በአንዲት ቀጭን መንገድ ላይ፥ ዕንቁላል በሚመስል ታላቅ የሸክላ ዕቃ ውስጥ የተተከለች የብርቱካን ዛፍ፥ በሰንሰለት ተንጠልጥላ በአየር ላይ ቆማለች። እ.ኤ.አ. በ1993 ይህን የሠራው ራን ሞሪን የተባለ የቅርጽ ባለሙያ ነው። የጃፋ ብርቱካን ልጣጩ ወፍራም በመሆኑ ሳይበላሽ በመርከብ ሩቅ አገር ይደርስ ስለ ነበር፥ የከተማዋን ስም ለዓለም ያስተዋወቀ እርሱ ነው። አውሮፓውያኑ ፎቶግራፍ ሲያነሡ መሪያችን ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ይህችን ዛፍ ሳይ ራሴን አያለሁ። ሥሯ መሬት አይነካም፤ ግን ያው ታፈራለች» አለኝ። ከየት እንደ መጣ የጠየቅሁት ያን ጊዜ ነው።

የእናቱ መንገድ

የተወለደው ከጐንደር በስተ ሰሜን ባለ የቤተ እስራኤል መንደር ነው። ዓመት ሳይሞላው ወላጆቹ ከመንደራቸው ሰዎች ጋር በሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ሄዱ። አባቱ እህልና ውኃ ተሸከመ፤ እናቱ እርሱን አዘለች፤ ሰባት ዓመት የሆናት እኅቱ በእግርዋ ትሄድ ነበር። እኅቱ ሱዳን ደረሰች፤ ከሱዳን ግን አልወጣችም። በስደተኞች ሰፈር በበሽታ ሞታ እዚያው ተቀበረች። የቀሩት ዘመቻ ሙሴ በተባለው፥ በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በአውሮፕላን በተደረገው ማጓጓዝ ወደ እስራኤል ገቡ። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር የሞቱት ቤተ እስራኤል አራት ሺሕ ያህል እንደ ሆኑ ይነገራል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

«እኔ እንግዲህ» አለ ፈገግ ብሎ፥ «በእናቴ ጀርባ መጣሁ፤ ዛሬም ሰውን ሳያራምዱ መውሰድ ሥራዬ ሆነ። እናቴ ይህን መሣሪያ ‹የልጄ በቅሎ› ትለዋለች።»

ምን እንደምመልስለት ስላላወቅሁ «እግዚአብሔር ነፍስዋን ያሳርፍልን» ብቻ አልሁት። «አሜን» አለ። ከዚያም ሳንነጋገር ደረጃውን ጨርሰን ወደቡ ላይ ደረስን።

የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ

የኢዮጴ ወደብ ከዓለም አሮጌዎች ወደቦች አንዱ ነው። የሊባኖስ ዝግባ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ በባሕር እየተንሳፈፈ የመጣው ወደዚህ ነው። ዮናስም ከእግዚአብሔር ፊት ሊኰበልል ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ ያገኘው፥ ዋጋውንም ከፍሎ የተሳፈረው ከዚህ ነው። ዛሬ ታላላቅ መርከቦች አይገቡበትም፤ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች፥ መረቦችና ምግብ ቤቶች አሉበት።

ከወደቡ ፊት ለፊት ጥቋቍር ዐለቶች ከውኃው ብቅ ብለው ይታያሉ። በቀድሞ ዘመን መርከቦች ከእነዚህ ዐለቶች የተነሣ ወደ ዳር መቅረብ ስላልቻሉ ከሩቅ ቆመው፥ ተሳላሚውን የኢዮጴ ጀልባ ቀዛፊዎች በዐለቶቹ መካከል እያሾለኩ ያወርዱት ነበር። የመጀመሪያውን የቅድስት አገር አፈር ለመርገጥ ሰው በማያውቀው ቀዛፊ እጅ ነፍሱን ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

መሪያችን ከዐለቶቹ አንዱን አሳይቶ ለአውሮፓውያኑ ሲናገር ሁሉም ዞረው አዩኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በግሪኮች ተረት፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ኬፌዎስና ንግሥቲቱ ካሲዮፔያ አንድሮሜዳ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። እናቲቱ በውበት ከባሕር አማልክት ልጆች እንበልጣለን ብላ ስለ ታበየች፥ ልጅቱ ለባሕር አውሬ እንድትሰጥ በዐለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች፤ ፐርሴዎስ የሚባለውም ጀግና አዳናት። ይህ የሆነበት ዐለት ይህ ነው ይባላል። የአይሁድ ታሪክ ጸሓፊ ዮሴፎስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ሲጽፍ፥ የሰንሰለቱ ምልክት በኢዮጴ እንደሚታይ ጠቅሷል። ሦስቱም ስሞች ዛሬ በሰማይ ላይ የከዋክብት ስሞች ናቸው።

እኔም እንደ መምህርነቴ፥ ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቋቍር ሕዝቦች አገር በሙሉ እንደ ነበር፥ ተረቱም ተረት እንጂ ታሪክ አለመሆኑን አስረዳሁ። መሪያችን ግን በአማርኛ፥ «ቢሆንም ጋሼ፥ ከአገራችን ልጅ እዚህ ዳር የደረሰች እኔ የመጀመሪያው አለመሆኔን ሳስብ ደስ ይለኛል» አለ። በዚህ ላይ የምጨምረው አልነበረኝም።

ስልክ

ወደ መነሻችን ስንመለስ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘንብላ ነበር። በመመለሻው መንገድ ስለ መሣሪያው ማሰብ ትቼ ነበር፤ እርሱም ያለ ችግር ሄደልኝ። የራሱን ቁር አውልቄ ስመልስ መሪያችን ስልኩን አወጣና፥ «እናቴን ሰላም ይበሉልኝ፤ ከአገር ሰው ጋር ስትነጋገር ደስ ይላታል» አለኝ።

እኒህ እናት ከሁለቱ ወር ጀምሮ የናፈቁኝ ያህል ሰላምታቸውን አዘነቡት። ከወዴት እንደ ሆንሁ ጠየቁ፤ ዝናም ደኅና እንደ ሆነ ጠየቁ፤ የጤፍ ዋጋ ጠየቁ። ከዚያም፥

«ልጄ ደኅና አድርጎ መራዎት?» አሉኝ።

«ደኅና አድርጎ መራኝ፥ እናቴ። ደግሞም ባስፈለገበት ሁሉ አወረደኝ።»

ጥቂት ዝም አሉና፥ «እኔ አዝዬው ነው የመጣሁ። አሁን እርሱ ሰው ይመራል። ይህን አየሁ፤ ይበቃኛል። ለአገሩ ሰላም በሉልኝ» አሉ።

ወደ ጣቢታ ቦታ

አውሮፕላኑ ገና ስድስት ሰዓት ያህል ይቀረው ነበር። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ በዛፎች መካከል አንድ ከፍ ያለ የደወል ማማ ከሩቅ ታይቶኝ ነበርና ስጠይቅ፥ እ.ኤ.አ. በ1894 የተቀደሰ፥ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅድስት ጣቢታ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሰማሁ። ጣቢታ ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ የነበረች፥ በሞተችም ጊዜ መበለቶቹ የሰፋችላቸውን ቀሚስ ለጴጥሮስ እያሳዩ ያለቀሱላት፥ እርሱም በጸሎት ያስነሣት ደቀ መዝሙር ናት። መቃብርዋ የነበረው በዚያ እንደ ሆነ ይታመናል።

መኪና ልጥራ ቢለኝ መሪያችንን አመስግኜ እንቢ አልሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቀስ እያልሁ በእግሬ ሄድሁ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለምን? ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ቅጥሩን ተደግፌ ጥቂት ቆምሁ፤ ያን ቀን በዚያች ሰባት ዓመት በሆናት ልጅ ስም አቡነ ዘበሰማያት ደገምሁ። ጉልበቴ አልተሻለኝም፤ ግን እንደ ጠዋቱ አላማረርሁትም።

መዝጊያ

ወደ ትምህርት ቤቴ ተመልሼ ይህን ሳወራ፥ አንድ ተማሪ የሰሌዳ መጠቈሚያውን ዘንግ በመዳፉ ላይ አቁሞ እስከ በሩ ሄደ፤ ትምህርቱ ገብቶታል። ሌላው ግን፥ «መምህር፥ በዚያ ማሽን ፈጥነው ብዙ አዩ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባስበው፥ በልቤ የቀረው ሁሉ የወረድሁበት ቦታ ነው፤ ሣሩ፥ ደረጃው፥ የተንጠለጠለችው ዛፍ፥ ወደቡ፥ የተዘጋው በር። መሣሪያው ደካማውን ጉልበቴን አግዞ ወደዚያ አድርሶኛልና አልነቅፈውም፤ ያሳየኝ ግን «ቀጥ በሉ» ያለኝ ሰው ነው። ይህንንም ለልጁ ነገርሁት።

ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈትላችሁ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የምትሄዱ ወገኖች ሆይ፥ ኢዮጴ ከቅድስት ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለችና አንድ ቀን ስጧት። በእግር ብትሄዱም፥ በመኪና ብትሄዱም፥ ወይም እንደ እኔ ቆማችሁ ብትንሸራተቱም፥ መሪያችሁን ከየት እንደ መጣ ሳትጠይቁት አትመለሱ።

የእኒያ እናት አደራ በእኔ ላይ ነበረና፥ ሰላምታቸውን በዚህ ጽሑፍ ለአገሩ ሁሉ አድርሻለሁ።